የመቺና የወርዋሪ ሚዛን

ለሐሳብ የክሪኬት ቡድን ተጫዋች በተራ ሲመረጥ በመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ዙሮች የሚጠሩት ስሞች ሁሉ የመቺዎች ስሞች ብቻ መሆናቸውን ስናይ፣ ነገሩን በዝምታ ማለፍ ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። ወርዋሪው የሚታወሰው ዝርዝሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ያን ጊዜም የሚመረጠው ችሎታው ተመዝኖ ሳይሆን ባዶው ቦታ እንዲሞላ ተብሎ ነው። ይህ ልማድ የተሳሳተ መሆኑን፣ ጉዳቱም ከጨዋታው ወሰን አልፎ የሚሄድ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

«ፈተና እየቀረበ ሳለ በማኅበራችን ልሳን ላይ ስለ ኳስና ስለ እንጨት መጻፍ ምን ይባላል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ሰው በጨዋታ ላይ ሲመርጥ የሚያሳየው ጠባይ በትልቁ ነገር ላይም ሲመርጥ የሚያሳየው ጠባይ ነው። በትንሹ ማመዛዘን ያልለመደ በትልቁ ላይ በድንገት አመዛዛኝ ሊሆን አይችልም። ከዚህም ሌላ፣ ከሕንድ አገር የመጡ መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ስለ ሆነ፣ ክሪኬት ለኢትዮጵያ ተማሪ ፈጽሞ ባዕድ ወሬ ነው ለማለት አይቻልም። ደግሞም በ2027 የሚደረገው የወንዶች የዓለም ዋንጫ በአህጉራችን፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ እንዲሆን ተወስኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ እንግለጽ። ክሪኬት አሥራ አንድ አሥራ አንድ ሰዎች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል ይደረጋል። አንደኛው ቡድን በጠፍጣፋ እንጨት ኳስ ይመታል፤ ሁለተኛው ኳሱን ይወረውራል፣ የተመታውንም ይለቅማል። ከመቺው በስተኋላ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ዊኬት ይባላሉ። መቺው ኳሱን መትቶ ከባልንጀራው ጋር ቦታ በተለዋወጠ ቍጥር አንድ ነጥብ ይቈጠርለታል፤ ነጥቡም ሩጫ ይባላል። ኳሱ በመሬት ተንከባሎ የሜዳውን ወሰን ቢያልፍ አራት፣ በአየር ቢያልፍ ስድስት ሩጫ ነው። ወርዋሪው ዊኬቱን ቢመታበት ወይም የተመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ቢቀለብበት መቺው ይወጣል፤ በዚያ ተራም አይመለስም። መቺ ባወጣ ጊዜ ወርዋሪው «ዊኬት ወሰደ» ይባላል። አሥር መቺዎች ከወጡ የቡድኑ ተራ ያበቃል።

በአንድ ቀን በሚያልቀው ዓይነት ለእያንዳንዱ ቡድን የሚፈቀደው 50 ኦቨር ነው። አንድ ኦቨር ስድስት ውርወራ ስለ ሆነ በጠቅላላው 300 ውርወራ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ወርዋሪ ከ10 ኦቨር በላይ እንዲወረውር አይፈቀድለትም። የክርክራችን መሠረት ይህችው አንዲት ደንብ ናትና አንባቢ ልብ እንዲላት እንለምናለን። 50ን ለ10 ስናካፍል የሚገኘው 5 ነው። ስለዚህ ከአምስት ያነሱ ሰዎች ወርውረው የ50 ኦቨሩን ድርሻ ሊጨርሱ አይችሉም። ስድስተኛ ጥሩ መቺ የሌለው ቡድን ግን ተጫውቶ ሊያሸንፍም ይችላል። ወርዋሪ በትርፍነት የሚጨመር ሳይሆን በሕግ የታዘዘ መሆኑን ደንቡ ራሱ ይመሰክራል።

ይህ የአንድ ቀን ክሪኬት ዕድሜው ረዥም አይደለም። በአገሮች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው ግጥሚያ በጥር ወር 1971 በሜልበርን ከተማ አውስትራልያና እንግሊዝ የተጋጠሙበት ሲሆን፣ ምክንያቱም ለብዙ ቀናት ታስቦ የነበረው ጨዋታ በዝናብ ስለ ተበላሸ ነበር። የሴቶች የዓለም ዋንጫ በ1973፣ የወንዶች ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1975፣ ሁለቱም በእንግሊዝ አገር ተጀመሩ። በወንዶቹ ውድድር እስከ 1983 ድረስ ለአንድ ቡድን የሚሰጠው 60 ኦቨር፣ ለአንድ ወርዋሪም 12 ኦቨር ነበረ፤ ከ1987 ወዲህ ወደ 50ና ወደ 10 ወረደ። ቍጥሩ ቢቀነስም አምስት ወርዋሪ የሚያስፈልግ መሆኑ ግን አልተለወጠም።

የሐሳብ ቡድን ማለት ደግሞ እንዲህ ነው። ተጫዋቾቹ በሜዳ ላይ የሚጫወቱት ለየአገራቸው ነው፤ እኛ ግን ከልዩ ልዩ አገር የመረጥናቸውን አሥራ አንድ ሰዎች በወረቀት ላይ በአንድ ቡድን እናሰልፋለን፤ በእውነተኛው ግጥሚያ ያገኙትም ውጤት ለእኛ በነጥብ ይታሰብልናል። ዘዴው በአሜሪካ የቤዝቦል አፍቃሪዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ ዳንኤል ኦክሬንት የተባለው ጸሐፊና ጓደኞቹ በ1980 በኒውዮርክ ከጀመሩት ወዲህ እጅግ ተስፋፍቷል። እኛ የምንጫወትበት ደንብ ቀላል ነው። ስምንት ሰዎች ተሰብስበው በተራ ይመርጣሉ፤ አንዱ የመረጠውን ሌላው አይወስድም፤ በመጀመሪያው ዙር ፊተኛ የነበረው በሁለተኛው ዙር ኋለኛ ይሆናል። ለአንድ ሩጫ አንድ ነጥብ፣ ለአንድ ዊኬት 20 ነጥብ ይሰጣል።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። መቺን የሚያስቀድሙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚያቀርቡት ምክንያት «መቺ የታመነ ነው፤ ወርዋሪ ግን ዕድለኛ ከሆነ ብቻ ዊኬት ያገኛል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ በስሌት ሲመረመር ግን ይፈርሳል። መቺ በአንዲት ስሕተት ይወጣል። የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን በመጀመሪያው ውርወራ ከወጣ የዕለቱ መምታቱ አበቃ። ወርዋሪው ግን በአንደኛው ውርወራ ስድስት ሩጫ ቢመታበት ሁለተኛው ይጠብቀዋል፤ አሥር ኦቨሩን ከጨረሰ ስድሳ ጊዜ ተሞክሯል ማለት ነው። እንግዲያው ከሁለቱ በዕለቱ ሥራ የማጣት ፍርሃት ያለበት ማን ነው?

ደግሞም የሚከፋፈለውን ውርወራ እንቍጠር። ሦስት መቶው ውርወራ ለሁሉም መቺዎች በእኩል አይደርስም። በመጀመሪያ የሚገቡት ሦስቱ መቺዎች በደኅና ከሠሩ አብዛኛውን ይወስዱታል። አምስተኛና ስድስተኛ ሆኖ የሚገባው ሰው ባልንጀሮቹ በተሳካላቸው ቀን የሚያገኘው ጥቂት ኦቨር ብቻ ነው፤ ባልተሳካላቸው ቀን ደግሞ የሚገባው በጭንቅ ሰዓት ነው። እንዲህ ከሆነ በሐሳብ ቡድን ውስጥ ስድስተኛና ሰባተኛ መቺ መጨመር ማለት፣ ሥራ ያገኝ እንደ ሆነ የማይታወቅ ሠራተኛ መቅጠር ነው። ሥራው በደንብ የተረጋገጠለትን አምስተኛ ወርዋሪ ትቶ ይህን መምረጥ የስም ፍቅር ካልሆነ በቀር ሌላ ምክንያት አናገኝለትም።

ለዚህ ታሪክ የሰጠን ትልቅ ምስክር በሰኔ ወር 1979 በለንደን በሎርድስ ሜዳ የተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። እንግሊዝ ከዌስት ኢንዲስ ጋር ስትጋጠም በመምታት የበረታ ቡድን አሰለፈች፤ ፈጣኑ ወርዋሪዋ ቦብ ዊሊስ በጉዳት ምክንያት አልነበረም። በሙያቸው ወርዋሪ የሆኑት አራት ብቻ ነበሩ፤ ቦታም፣ ሄንድሪክ፣ ኦልድና ኤድመንድስ። አምስተኛው ወርዋሪ ሊወረውራቸው የሚገባው 12 ኦቨር ለሦስት መቺዎች፣ ለቦይኮት፣ ለጉችና ለላርኪንስ ተከፋፈለ። ውጤቱ ምን ሆነ? አራቱ ባለሙያዎች በ48 ኦቨር 189 ሩጫ ሲሰጡ፣ ሦስቱ በ12 ኦቨር ብቻ 86 ሩጫ ሰጡ። ባለሙያው በአንድ ኦቨር ከአራት በታች፣ ጊዜያዊው ከሰባት በላይ ሰጠ ማለት ነው። ዌስት ኢንዲስ ከ99 ሩጫ ላይ አራት ሰው ወጥቶባት የነበረች ስትሆን፣ ቪቭ ሪቻርድስ ሳይወጣ 138፣ ኮሊስ ኪንግ ደግሞ 86 ሩጫ ሠርተው ቍጥሩን 286 አደረሱት።

በዚህ ላይ ፍርዳችን ፍትሐዊ እንዲሆን ሁለት ነገር መጨመር አለብን። አንደኛ፣ እንግሊዝ የተሸነፈችው በ92 ሩጫ ስለ ሆነ የ12ቱ ኦቨር ጉድለት ብቻውን ሽንፈቱን ሁሉ አያስረዳም። ቦይኮትና ብሪርሊ በመጀመሪያው ጥንድ 129 ሩጫ ሲሠሩ 38 ኦቨር ፈጁ፤ ለተከታዮቻቸው የቀረው ጊዜ አጭር ስለ ነበረ ጆኤል ጋርነር አምስት ዊኬት ወስዶ ከ183 ሩጫ በሁለት ሰው ወደ 194 ሩጫ በአሥር ሰው አወረዳቸው። ሁለተኛ፣ ዌስት ኢንዲስም በሙያው መቺ የሆነውን ሪቻርድስን አስወርውራለች፤ እንግሊዞች ግን ደካማውን ወርዋሪ ሊጠቀሙበት አልደፈሩም። እንግዲህ አምስተኛ ወርዋሪ ማጣት ሁልጊዜ ያስቀጣል አንልም፤ የሚያስቀጣው ተጋጣሚው ጉድለቱን ባየ ቀን ነው። ኪንግ አየ፤ ቦይኮት አላየም።

አሁን ደግሞ ይኸው ቦይኮት በእኛ ደንብ ምን ያህል ነጥብ ያገኝ እንደ ነበረ እንመልከት። በመምታት 57 ሩጫ ስለ ሠራ 57 ነጥብ ይሰጠዋል። በስድስት ኦቨር የሰጠው 38 ሩጫ ግን አንዲት ነጥብ አያስቀንስበትም። ቡድኑን የጐዳው ሥራ በእኛ መዝገብ እንዳልተሠራ ይቈጠራል ማለት ነው። የወርዋሪን ዋጋ ያሳነሰው የመራጮቹ ዐይን ብቻ ሳይሆን የሒሳቡም ጉድለት መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ2023 በሕንድ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ አስተናጋጇ ሕንድ በመጀመሪያዎቹ አራት ግጥሚያዎች ሞሐመድ ሻሚ የተባለውን ፈጣን ወርዋሪ አላሰለፈችውም። በሦስቱ ግጥሚያዎች ይመረጥ የነበረው ሻርዱል ታኩር ሲሆን፣ ይኸውም ከመወርወሩ ሌላ ስምንተኛ ሆኖ ሲገባ መምታትም ስለሚችል ነበር። በኋላ ሁለገቡ ሐርዲክ ፓንድያ ስለ ተጐዳ የቡድኑ አሰላለፍ ተለወጠና ሻሚ ገባ። በገባበት ቀን ከኒውዚላንድ አምስት ዊኬት ወሰደ፤ በግማሽ ፍጻሜው ከዚያችው ከኒውዚላንድ ሰባት ዊኬት ወሰደ። በሰባት ግጥሚያ ብቻ 24 ዊኬት በመውሰድ የውድድሩ አንደኛ ወርዋሪ ሆነ። ስምንተኛው ሰው ጥቂት ሩጫ ይጨምር ይሆናል ተብሎ የውድድሩ ታላቅ ወርዋሪ አራት ግጥሚያ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ከሙያተኞች የአሰላለፍ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለው ነገር ከደረሰ፣ በእኛ ጠረጴዛ ላይ መድረሱ አያስደንቅም።

የዚያኑ ውድድር ቍጥር በእኛ ደንብ እናስላ። ከሁሉ የበለጠ መቺ ቪራት ኮሊ በ11 ግጥሚያ 765 ሩጫ ሠርቷል፤ ለአንድ ግጥሚያ ሲካፈል ወደ 70 ነጥብ ይጠጋል። ሻሚ 24 ዊኬት በ20 ሲባዛ 480 ይሆናል፤ ለሰባት ግጥሚያ ሲካፈል 69 ያህል ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው ለማለት ይቻላል። ከኮሊ ቀጥለው ያሉት መቺዎች ሮሂት ሻርማ 597፣ ዴ ኮክ 594፣ ራቪንድራ 578፣ ሚቸል 552 ናቸው። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያለው ልዩነት 45 ነጥብ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በወርዋሪዎቹ በኩል ከሻሚ ቀጥሎ ዛምፓ 23፣ ማዱሻንካ 21፣ ቡምራና ኩትዚ 20 20 ዊኬት ወስደዋል። እዚህም ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው የሦስት ዊኬት፣ ማለት የ60 ነጥብ ልዩነት አለ። በሁለተኛው ዙር ተራው የደረሰው ሰው ሁለተኛውን መቺ ትቶ አምስተኛውን ቢወስድ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ሁለተኛውን ወርዋሪ ትቶ አምስተኛውን ቢወስድ ግን የሚያጣው ይበልጣል። ሁሉም ለመቺ በሚሻማበት ሰዓት ወደ ወርዋሪ የሚዞር ሰው የሚያተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስንል ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥ ይገባል ማለታችን አይደለም። ያው የሕንድ ቡድን አሥር ግጥሚያ በተከታታይ ካሸነፈ በኋላ በኅዳር ወር 2023 በአህመዳባድ በፍጻሜው ተሸነፈ። ሻሚ የገባበት አሰላለፍ ወርዋሪዎቹ ብርቱ ሆነው ከሰባተኛው ሰው በታች ግን ደኅና መቺ አልነበረውም። ሦስት ሰዎች ፈጥነው ሲወጡ ኮሊ 54፣ ራሁል ደግሞ በ107 ውርወራ 66 ሩጫ ሠሩ፤ ከኋላ የሚተካ እንደሌለ የሚያውቅ መቺ መድፈር አይችልምና ቡድኑ በ240 ቀረ። አውስትራልያ በትራቪስ ሄድ 137 ሩጫ አማካይነት አራት ሰው ብቻ ወጥቶባት 241 ደረሰች። ሻሚ ቀድሞ መቀመጡ ስሕተት ነበር፤ ያለ ፓንድያ የቀረው ቡድንም ጎዶሎ ነበር። ሁለቱም ባንድነት እውነት ናቸው። ሚዛን ማለትም ይኸው ነው፤ በአንድ እጅ አይጨበጨብም።

የጎደለውን ቦታ የሚሞላው ሁለገቡ ተጫዋች ነው፤ ይኸውም መምታትም መወርወርም የሚችለው ነው። በ1983 የሕንድ ቡድን ዋንጫውን ሲወስድ በፍጻሜው የሠራው 183 ሩጫ ብቻ ነበር። ከሕንድ መቺዎች ብዙ የሠራው ስሪካንት 38 ሩጫ ነው፤ አርባ የደረሰ አንድም ሰው አልነበረም። መቺ ብቻ የሚያደንቅ ሰው በዚያ ቀን የሚያደንቀው አያገኝም ነበር። ነገር ግን ዌስት ኢንዲስ በ140 ሩጫ ሁሉም ወጡባት፤ የዕለቱም ኮከብ ሞሂንደር አማርናት ተባለ። እርሱ 26 ሩጫ ሠርቶ በሰባት ኦቨር 12 ሩጫ ብቻ ሰጥቶ ሦስት ዊኬት ወስዷል፤ በእኛ ደንብ 86 ነጥብ መሆኑ ነው። በውድድሩ ብዙ ዊኬት የወሰደውም የዚያው ቡድን ሁለገብ ሮጀር ቢኒ ሲሆን ቍጥሩ 18 ነበር።

ከዚያም ወዲህ በ1999 የደቡብ አፍሪካው ላንስ ክሉስነር 281 ሩጫና 17 ዊኬት፣ በ2011 የሕንዱ ዩቭራጅ ሲንግ 362 ሩጫና 15 ዊኬት አግኝተው የየውድድራቸው ኮከብ ተብለዋል። በ2019 የባንግላዴሹ ሻኪብ አል ሐሰን በስምንት ግጥሚያ 606 ሩጫ ሠርቶ 11 ዊኬት ወሰደ፤ በእኛ ደንብ 826 ነጥብ፣ ለአንድ ግጥሚያም ከ100 በላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሊጠራ የሚገባው ስም የመቺም የወርዋሪም ሳይሆን የእንደነዚህ ያሉት ሁለገቦች ነው። ብዙ ስላልሆኑ ቀድመው ያልቃሉና። ይሁን እንጂ ሻኪብ ይህን ሁሉ ሲሠራ ባንግላዴሽ ከአሥር አገሮች ስምንተኛ መሆኗ አይረሳ። አንድ ሁለገብ ሰው አምስት ወርዋሪ አይሆንም።

እንግዲህ ለመራጭ የምንመክረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ከስድስተኛው ሰው በፊት የሚመታና በየግጥሚያው ሰባት ስምንት ኦቨር የሚወረውር ሁለገብ ይፈለግ። ቀጥሎ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መቺዎች አንዱ ከተገኘ ይወሰድ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ደግሞ ጓደኞቻችን ለስም ሲሻሙ ሁለት ብርቱ ወርዋሪ ይመረጥ፤ ከሁለቱም አንዱ በአዲሱ ኳስ የሚጀምር፣ በመጨረሻዎቹ ኦቨሮችም የሚመለስ ይሁን፤ መቺዎች የግድ የሚደፍሩት በዚያ ሰዓት ስለ ሆነ ዊኬትም የሚገኘው በዚያ ነው። ኳስ የሚያሾር ወርዋሪ እንደ ሜዳው ጠባይ ይጨመር፤ በደረቅ መሬት ይጠቅማል። ስድስተኛ መቺ የመጨረሻው ግዢ ይሁን።

ከዚህም ጋር ደንባችን እንዲሻሻል ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛው፣ በማናቸውም የሐሳብ ቡድን ውስጥ በየግጥሚያው የሚወረውሩ ሰዎች ከአምስት እንዳያንሱ ይወሰን። በሜዳ ላይ በሕግ የማይቻል ቡድን በወረቀት ላይ እንዲቻል ማድረግ ጨዋታውን ከእውነት ያርቀዋል። ሁለተኛው፣ የዳነ ሩጫ እንደ ተሠራ ሩጫ ይቈጠር። ተጋጣሚው 20 ሩጫ እንዳይሠራ ያደረገ ወርዋሪ 20 ሩጫ ከሠራ መቺ በምን ያንሳል? በሒሳብ ሁለቱ አንድ ናቸው።

«የዳነውን በምን እንለካዋለን?» ለሚሉ መልስ አለን፤ በዚያው ግጥሚያ አማካይ ነው። ለምሳሌ በመጋቢት ወር 2006 በጆሃንስበርግ አውስትራልያ 434 ሩጫ ሠራች፤ ደቡብ አፍሪካም አንድ ውርወራ ሲቀራት 438 ሠርታ አሸነፈች። በዚያ ቀን የአንድ ኦቨር አማካይ ከስምንት ሩጫ ተኩል በላይ ስለ ነበረ ለአሥር ኦቨር 87 ያህል ይሆናል። የአውስትራልያው ሚክ ልዊስ በአሥር ኦቨሩ 113 ሩጫ ሰጠ፤ ባልንጀራው ናታን ብራከን ግን 67 ሩጫ ብቻ ሰጥቶ አምስት ዊኬት ወሰደ። በዕለቱ አማካይ ስንለካው ልዊስ 26 ሩጫ አጐደለ፣ ብራከን 20 ሩጫ አዳነ። ለሁልጊዜ የሚሆን አንድ ቍጥር፣ እንበል በኦቨር አምስት፣ ብንወስን ኖሮ ግን ብራከን 17 ነጥብ ይቀነስበት ነበር። በዚያ የሩጫ ጎርፍ ከሁሉ የተሻለውን ወርዋሪ መቅጣት ፍርድ ማጓደል ነው። ሥራ የሚመዘነው በተሠራበት ቀን አስቸጋሪነት ነው።

ይህ ሒሳብ ጨዋታውን ያከብደዋል የሚሉ አሉ። አማካዩን ለማግኘት አንድ መደመርና አንድ ማካፈል ይበቃል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለ ተማሪ ይህን ከበደኝ ቢል የሚያሳፍር ይመስለናል።

ስለ ገንዘብም አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። በየትም ቦታ ይህ ጨዋታ ወደ ቁማር ሲዞር ታይቷል። በሕንድ አገር በገንዘብ የሚደረጉ እንዲህ ያሉ የኢንተርኔት ጨዋታዎች እጅግ ከተስፋፉ በኋላ ፓርላማው በነሐሴ 2025 የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ገንዘብ ከገባ መራጩ የሚያስበው ማመዛዘንን ሳይሆን ዕድልን ነው፤ የወላጁን ላብም በሰው አገር ሰው ውርወራ ላይ ያስቀምጣል። በእኛ ዘንድ የሚወራረደው ክርክር ብቻ ሆኖ እንዲቀር አጥብቀን እንመኛለን።

በመጨረሻ፣ መጀመሪያ ላይ ጨዋታው ከጨዋታ ወሰን ያልፋል ያልነውን እንፈጽም። የመቺ ሥራ ለዐይን ይታያል፤ ኳሱ ሲበር ሕዝብ ያጨበጭባል። የወርዋሪው ደኅና ኦቨር ግን ምንም ያልሆነበት ኦቨር ነው፤ ስድስት ጊዜ ተወርውሮ ምንም ሩጫ ካልተሠራ ተመልካቹ ያዛጋል፤ ቡድኑ ግን ያተረፈው በዚያ ነው። በማኅበራችንም እንዲሁ ነው። የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው መድረክ ላይ ወጥተው ሲናገሩ ያጨበጨብንላቸው ናቸው። ቃለ ጉባኤ በጊዜው የሚጽፈው፣ ሒሳብ በሳንቲም የሚይዘው፣ ስቴንስሉን እስከ ሌሊት የሚያባዛው ሰው ስሙ የሚታወሰው ቦታ ሲጎድል ነው። ገንዘብ ያዡ ደኅና ከሠራ የሚሆነው ነገር ምንም አይደለም፤ አንድም ብር አይጠፋም፤ ስለማይጠፋም ማንም አያጨበጭብለትም።

ተናጋሪ አያስፈልግም አንልም። ያለ መቺ የተሸነፈውን ቡድን ከላይ ጠቅሰናል፤ አፍ የሌለው ኮሚቴም እንዲሁ ይሸነፋል። የምንለው ግን በሚመጣው ምርጫ እያንዳንዱ መራጭ የስም ዝርዝሩን በእጁ ይዞ «ከእነዚህ ውስጥ አሥሩን ኦቨር የሚወረውሩት አምስቱ የትኞቹ ናቸው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ ነው። ሁለቱን የደንብ ማሻሻያ ሐሳቦች ደግሞ በሚቀጥለው የመራጮች ስብሰባ ላይ በጽሑፍ እናቀርባለን፤ መቺን የምታስቀድሙ ጓደኞቻችን የተቃውሞ ስሌታችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠራችኋለን።